ከነቆዳው የተገኘው ፑሊ

ቶርኖው እየዞረ ነበር። ባለቤቱ ግን ከሥሩ ሞቶ ተጋድሟል።

መጀመሪያ ያየው ከጉቴ የመጣው ባለወፍጮው ቀነአ ነው። ያዘዘው ፑሊ ደርሶ እንደሆነ ሊጠይቅ በማለዳ ነቀምቴ ገባ። ብረት የሚቆረጥበት የቶርኖ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከውጭ ሆኖ ተጣራ፤ የሚመልስለት የለም። ማሽኑ ብቻ ያጉረመርማል። በሩን ገፋ አድርጎ ሲገባ ባለቤቱን ኦቦ ዋጋሪን በጀርባቸው ተንጋለው አገኛቸው። የራስ ቅላቸው በግራ በኩል ተሰብሯል። ከጎናቸው የወፍጮ ቀበቶ የሚዞርበት ከባድ የብረት ፑሊ ወድቋል፤ ጠርዙን ደም ነክቶታል።

ቀነአ አልጮኸም። የደነገጠ ሰው ሁሉ የሚጮህ ይመስለናል እንጂ ብዙው ድምፁ ነው የሚጠፋበት። እየተንገዳገደ ወጣና ፊት ለፊት ሻይ በምትሸጠው በአዴ ፌኔት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ በጣቱ በሩን አሳያት። ፖሊስ የጠራችው እሷ ናት።

ምክትል ኢንስፔክተር ምንትዋብ በባጃጅ ደረሰች። የጣቢያው መኪና እንደ ልማዱ ታሟል። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ማሽኑን ማጥፋት ነበር። ከዚያ ዙሪያውን አየች። ዕቃ ጨምድዶ የሚይዘው የቶርኖው መንጋጋ ተከፍቶ ባዶውን ነው ሲዞር የነበረው። የፍጥነት ማርሹ ወደ ላይ ተገፍቷል፤ ልክ የቆመበት ቦታ ላይ በነጭ ቀለም የተደረገች አንዲት ምልክት አለች። ማሽኑ ንጹሕ ነው። ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር አሮጌ ሻሽ ተንጠልጥሏል።

ኮማንደር አሳምነው ዘግየት ብሎ መጣ። እጁን ኪሱ ከትቶ አስከሬኑንም ፑሊውንም ማርሹንም አየና ነገሩን እዚያው ቆሞ ዘጋው። ሽማግሌው ማሽኑን ከመጠን በላይ አፍጥነውታል፤ ፑሊው ከመንጋጋው ወጥቶ ጭንቅላታቸውን መትቷቸዋል፤ አደጋ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ነጯን ምልክት ማን ነው ያደረጋት?»

መልሱ የመጣው ከበሩ ነው። ኦቦ ጃራ ደፉ ላይ ቆመዋል፤ ወደ ውስጥ አልገቡም። ኦቦ ጃራ ብረት ቀላጭ ናቸው። አሮጌ ብረት አቅልጠው በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ያፈሱታል፤ ኦቦ ዋጋሪ ደግሞ ያንኑ ቶርኖ ላይ እየቆረጡ ለወፍጮና ለቡና መፈልፈያ የሚሆን ዕቃ ያደርጉታል። ሃያ ዓመት የዘለቀ ጓደኝነት ነው። አንዱ ያለ ሌላው ሲሠራ ያየ ሰው የለም።

«የኮሌጇ መምህርት ናት» አሉ። «ፍጥነት ጨምር፣ ፍጥነት ጨምር ስትለው ነበር። ይቺ ልጅ ትበላሃለች ብዬው ነበር።»

ይህን ብለው አለቀሱ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የኦቦ ጃራም እንባ አልገደደም። ከአንጀታቸው ነበር። ምንትዋብን ብዙ ቀን ያሳሳታትም ይኸው እውነተኛ እንባ ነው።

መምህርቷ ሐሴት ጣቢያ የመጣችው ሳትጠራ ነው። ወሬውን እያስተማረች ሰማችው፤ ጠመኔውን አስቀምጣ ወጣች። የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ነቀምቴ ከተመደበች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው፤ ኦሮምኛዋ ከሰላምታ ብዙም አይዘልም። የምታጠናው ጊዛን ነው። ጊዛ ማለት ቀልጦ በቅርጽ የሚፈሰው፣ ሲመቱት እንደ ሌላው ብረት ሳይጎብጥ የሚሰበረው ጥቁር ብረት ነው። በምን ፍጥነት፣ በምን ጥልቀት ቢቆረጥ መቁረጫው ሳያልቅ ሥራው ቶሎ ያልቃል? ጥያቄዋ ይህ ብቻ ነው። የኮሌጁ ማሽን ተበላሽቶ ስለቆመ ሙከራዋን ኦቦ ዋጋሪ ቤት ይዛ ሄደች።

ምንትዋብ ወንበር ሰጠቻትና ጀመረች።

«ምልክቷን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ጊዛ በዚያ ፍጥነት ጥሩ እንደሚቆረጥ ስላገኘን።»

«እሳቸው ከዚያ በፊት በዚያ ፍጥነት ይሠሩ ነበር?»

«አይሠሩም። በጣም በዝግታ ነበር የሚሠሩት። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ይስቁ ነበር።»

«ትናንትስ የት ነበርሽ?»



«ከሰዓት በኋላ እሳቸው ጋ ነበርኩ። ሳይመሽ ወጣሁ። ብቻቸውን ነበሩ።»

ምንትዋብ ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም። ጠያቂዋ ሐሴት ሆነች።

«ምልክቷ ናት የገደለቻቸው?»

«አላውቅም» አለች ምንትዋብ። እውነቷን ነበር።

ሐሴት አንገቷን ደፋች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ሽማግሌው ታወራ ጀመር። በአማርኛ እያወሯትም ኢንተላ ኮ ይሏት እንደነበር፣ ልጄ ማለት መሆኑን በኋላ ሰው ተርጉሞ እንደነገራት፣ በዚህ ከተማ ከመምህርት ሌላ ስም የሰጣት ሰው እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ነገረቻት። የምታወራት ሴት ፖሊስ መሆኗን የረሳች ትመስል ነበር።

ምንትዋብ ግን ነገሩ ገብቷታል። አባቷ ከወሎ መጥተው ወለጋ የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ። ቢላ ከተማ አጠገብ ተወልዳ በሁለት ቋንቋ አፏን ፈታች፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚጠራት ሰው ዛሬ የለም። እናትና አባቷ አርፈዋል፤ ወንድሞቿ ተበታትነዋል። ጨለለቂ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። የፖሊስን በር ጎረቤት የሚያንኳኳው ሲሰረቅ ብቻ ነው። ሰፈሯ ደግሞ ሰላም ነው።

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። ኮሌጁ ሐሴትን ነገሩ እስኪጣራ ክፍል አትግቢ አላት። ኮማንደሩ በቸልተኝነት ሰው መግደል የሚል ክስ እንዲዘጋጅ አዘዘ። የግቢ አከራይዋ ሰላምታ ተወች። ተማሪዎቿ መንገድ ላይ ሲያዩዋት ስልካቸውን ያነባሉ።

እንደዚያም ሆኖ ለቅሶ ሄደች። አትሂጂ የሚላት ዘመድ ቢኖራት አትሄድም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ መዝሙር ይዘመራል። የሟቹ ልጅ ሊሊሴ ከጊምቢ መጥታ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ኦቦ ጃራ አንገታቸውን ደፍተው። ሐሴት ጎንበስ ብላ እጇን ስትዘረጋ ሊሊሴ አልተቀበለቻትም። እስከዚያ ድረስ ከሰው ሁሉ ጋር በኦሮምኛ ስታወራ የነበረች ሴት፣ በደንብ እንዲገባት ብላ በአማርኛ ተናገረቻት።

«አባቴን መሞከሪያ አደረግሽው።»

መዝሙሩ አልተቋረጠም። ሐሴት ወጣች። ሊሸኛት የተነሳ ሰው አልነበረም። ከድንኳኑ ጥግ ቆማ የነበረችው ምንትዋብ ዳገቱን ብቻዋን ስትወጣ አየቻትና ልቧ ተነካ። ልብ መነካት ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም ነገሩን ገና አልዘጋም ብላ ለራሷ ወሰነች።

መጀመሪያ የጠረጠረችው ቀነአን ነው። ከሟቹ ጋር መጣላቱን ገበያው ሁሉ ያወራል። ጉቴ ወርዳ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ዱቄት በዱቄት ሆኖ አገኘችው።

«ከኦቦ ዋጋሪ ጋር ምን አጣላህ?»

«ፑሊ። አንዱ ተሰነጠቀ፣ ቀየሩልኝ፤ ሁለተኛውም ተሰነጠቀ። ብረቱ እንደ ብርጭቆ ነው። ሰው ቢመታስ ብዬ ጮህኩባቸው።»

«እሳቸውስ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው አሉኝ። የሳቸው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸው ቆራጭ ናቸው፣ ብረቱን ያቀለጠው ሌላ ነው። የኔ ነው ካሉ ምን ልበላቸው?»

በዚያ አመሻሽ የት እንደነበረ ስትጠይቀው ከወፍጮ ቤቱ እንዳልወጣ ነገራት። እህል ይዘው ተሰልፈው የነበሩ ሴቶች መሰከሩለት፤ ወረፋዬን ለሌላ ሰጠብኝ ብላ እስከ ዛሬ የምትረግመው አንዲት አሮጊትም ጭምር። ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ምንትዋብ ባዶ እጇን ተመለሰች።

ኮማንደሩ ቸኩሏል። ዕቃውን ለቤተሰብ መልሺና መዝገቡን ዝጊው አላት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብላ አሰበች እንጂ አልመለሰችለትም። ወደ ዕቃ ክፍሉ ገብታ ፑሊውን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችው። ከባድ ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና መዳፏን አየችው።

አሸዋ ነው።

ቀሚሷም ላይ አሸዋ አለ። ፑሊውን አገላበጠችው። ሁለመናው ሻካራ፣ አመድማ ቡናማ ነው። ስለ ቶርኖ የምታውቀው ከመንገደኛ አይበልጥም። ግን ቶርኖ ቤት ደጅ ላይ ተደርድረው የምታያቸው ዕቃዎች ያብለጨልጫሉ። ማሽን ላይ ሲቆረጥ ነበር የተባለ ብረት አሸዋው እንዴት አልረገፈም? ይህን የሚመልስላት አንድ ሰው አሰበች። ያ ሰው ተከሳሿ ራሷ ናት።

ሐሴት መጀመሪያ እምቢ አለች። አላየውም አለች። የሞቱበትን ብረት እስከዚያ ቀን አላየችውም፤ ማንም አላሳያትም። ማርሹ ምልክትሽ ላይ ተገኘ ሲሏት አምና ተቀብላ ሌሊቱን ሁሉ የምትጨነቀው በሐሳቧ በሳለችው ፑሊ ነው። ምንትዋብ አላስገደደቻትም። አጠገቧ ቁጭ ብላ ጠበቀቻት። በመጨረሻ ነጠላዋን ለብሳ ተከተለቻት።

ጣቢያ ደርሳ ፑሊውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አዞረችው። ጠርዙን፣ ሆዱን፣ የመሐሉን ቀዳዳ በጣቷ ዳሰሰች።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው።»

«ይሄ እኮ አልተነካም።»

«አልተነካም ማለት?»

«ቆዳው አለ። ጊዛ ከቅርጹ ሲወጣ ቆዳ አለው፤ አሸዋ የተጣበቀበት፣ ከውስጡ ይልቅ የጠነከረ። መጀመሪያ የሚገፈፈው እሱ ነው። ያ ደግሞ በዝግታ ነው የሚሠራው፤ መቁረጫውን ጠለቅ አድርገው ከቆዳው ሥር ያስገቡታል። ፍጥነት የሚጨመረው ቆዳው ከወለቀ በኋላ ነው። የኔ ምልክት ለዚያ ናት። ይህን ከነቆዳው በዚያ ፍጥነት ቢነኩት መቁረጫው ወዲያው ይቃጠላል። አባባ ዋጋሪ ይህን አያደርጉም። ማንም አያደርገውም።»

ድምፅዋ የመምህርት ድምፅ ሆኗል።

«ደግሞ እዩት። መንጋጋው የነከሰው ጊዛ የጥርስ ምልክት ይይዛል። የለውም። ጊዛ ሲቆረጥ ጥቁር ዱቄት ነው የሚወጣው፤ ማሽኑን ሁሉ ያለብሰዋል። አባባ አፋቸውን በሻሽ ሳያስሩ አይጀምሩም። ዱቄት አይታችኋል?»

ምንትዋብ ማሽኑን አስታወሰች። ንጹሕ ነበር። ሻሹም ምስማሩ ላይ ነበር።

ፑሊው ከማሽኑ ወጥቶ አልመታቸውም። ማሽኑ ላይ ጭራሽ አልወጣም። ሰው አንስቶ መቷቸዋል፤ ከዚያ ቶርኖውን አስነስቶ ማርሹን ነጯ ምልክት ላይ አድርጎ ሄዷል። የሐሴትን ምልክት የሚያውቅ ሰው ነው። ስለ ቆዳው ግን አያውቅም።

«እዚያ ቤት የሚመላለስ ሆኖ ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል?» ስትል ጠየቀቻት።

«አይመስለኝም። አንድ ቀን ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሥራው የሚጀመረው በዚያ ነው።»

ምንትዋብ አዴ ፌኔት ጋ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ሻይ አዘዘች። ናጋዳ፣ ፋያዳ እያሉ ሰላምታ ተለዋውጠው፣ ስለ ዝናቡም ስለ መብራት መጥፋቱም አውርተው፣ ነገሩን እንደ ቀላል አነሳችው። ዋጋሪ ቤት እየመጣ ሥራው ሲጀመር የማይገባ ሰው ይኖር ይሆን?

አዴ ፌኔት ኩባያ ማጠቧን አላቆመችም። ኦቦ ጃራ ናቸዋ አለች፤ ይሄማ ሕጋቸው ነው። እሷ ሻይ መሸጥ ከመጀመሯ በፊት የነበረ ሕግ ነው። ጃራ ብረቱን ተሸክመው ያመጡና በሩ ላይ ያስረክባሉ። ከዚያ አሁን ምንትዋብ የተቀመጠችበት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ዋጋሪ ቆዳውን የሚገፍፉት ብቻቸውን ነው። የብረት ጉድ ያለው ከቆዳው ሥር ነው፤ ቀዳዳው፣ አሸዋው፣ ስንጥቁ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ያቀለጠው ሰው ቆሞ ቢያይ ያፍራል፤ የሚቆርጠውም ሰው መናገር ይቸግረዋል። እንግዲህ ላለመተፋፈር አንዱ ውጭ ይሆናል። ብረቱ ማብለጭለጭ ሲጀምር ዋጋሪ በሩ ላይ ብቅ ይሉና «ሴኒ» ይላሉ፤ ግባ። ጃራ ያን ጊዜ ይገባሉ። ማሽኑ በፍጥነት የሚዞረው፣ ሥራውም የሚያምረው ያኔ ነው።

«አንድም ቀን አስቀድመው ገብተው አያውቁም?»

«አንድም ቀን። ልጅቷ ከመጣች ወዲህማ ዋጋሪ መጥራቱን እየረሱ፣ ኦቦ ጃራ ሻያቸው ቀዝቅዞ እዚሁ የሚያመሹበት ቀን ነበር። ሂዱ አልላቸው፣ ግቡ አልላቸው። አሳዘኑኝ።»

ምንትዋብ አወቀች። ማወቋ አላስደሰታትም። ለቅሶው ላይ ያየቻቸው ሽማግሌ ከፊቷ አልጠፋ ብለው ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች።

በማግስቱ ኦቦ ጃራን ወደ ቶርኖ ቤቱ አስጠራቻቸው። አንድ የሚረዱን ነገር አለ ነው የተባሉት። ሲመጡ ንጹሕ ካፖርት ለብሰው ነበር። ሐሴት ከመደርደሪያው አጠገብ ቆማለች፤ ሲያዩዋት ፊታቸውን አዞሩ። ኮማንደር አሳምነውም አለ፤ መምጣት አልፈለገም ነበር።

«ኦቦ ጃራ» አለች ምንትዋብ፣ «እኛ የቶርኖ ሥራ አናውቅም። ኦቦ ዋጋሪ እንዲህ ያለውን ፑሊ ከመጀመሪያው እንዴት ይቆርጡት እንደነበር ያሳዩን። ከሳቸው ጋር የኖሩት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው ፑሊውን እያዩ ቆዩ። ከዚያ አነሱት። እንደ ባለሙያ ሳይሆን ሌላ ሰው ሲሠራ ብዙ ጊዜ እንዳየ ሰው መንጋጋው ውስጥ አስገብተው አጠበቁት። ሳያመነቱ ማርሹን ያዙና ወደ ላይ፣ ነጯ ምልክት ድረስ ገፉት።

«ከዚህ ነው የሚጀመረው?»

«ከዚህ ነው። እሷ ከመጣች ወዲህ ከዚህ ነው።»

«ቆዳው በምን ፍጥነት ነው የሚገፈፈው?»

ኦቦ ጃራ ማርሹን አዩ፤ ምልክቷን አዩ፤ ከዚያ በሩን አዩ።

«እሱን አላየሁም» አሉ ቀስ ብለው።

«ለምን?»

«ውጭ ስለምሆን።»

ይህን እንደተናገሩ ራሳቸው ሰሙት። ምንትዋብ ነገሩን አላራዘመችም። ፑሊው ያን ቀን ማሽን ላይ እንዳልወጣ፣ አንድም የመንጋጋ ጥርስ እንዳልነካው፣ ከነቆዳው በዚያ ፍጥነት የሚያስነሳ ሰው ሥራው ሲጀመር አይቶ የማያውቅ ሰው ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ኮማንደሩ እጁን ከኪሱ አወጣ።

ኦቦ ጃራ አልካዱም። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጡ። የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ምንትዋብ ለሐሴት በዝግታ ተረጎመችላት።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ የቀነአን ፑሊ ይዘው መጡ። አዴ ፌኔት ዘግታ ገብታለች። በሩ ላይ ሊያስረክቡ ሲሉ ዋጋሪ አልተቀበሏቸውም፤ ዛሬ ውጭ አትቀመጥ፣ ይዘኸው ግባ አሏቸው። ከሃያ ዓመት በኋላ ሕጉ ፈረሰ። ፑሊውን እንዳቀፉ ገቡ። ዋጋሪ ጀርባቸውን ሰጥተው መብራቱን እያስተካከሉ መናገር ጀመሩ።

«‹ጃራ፣ ብረትህ መጥፎ ነው። ሁልጊዜም መጥፎ ነበር› አለኝ» አሉ ኦቦ ጃራ። «ፊቴን እንኳ አላየኝም። የሷ አፍ ነው ብዬ አሰብኩ። እሱ እንዲህ አይናገርም። ቀጥሎ ምን እንደሚለኝ አወቅኩት። ከእንግዲህ አትምጣ ሊለኝ ነው። አላስጨረስኩትም።»

«ምልክቷ ላይ ያደረጉትስ?»

«እሷ ትጠየቅበት ብዬ ነው። ቦታዬን ወሰደችብኝ።»

ሐሴት አሁን ወደ ፊት መጣች። ምንትዋብ ልትከለክላት አሰበችና ተወቻት።

«ኦቦ ጃራ፣ አትምጣ ሊሉዎት አልነበረም» አለች። «ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። መቁረጫው ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ፍጥነቱ መስሎኝ ነበር። ለካ ብረቱ ውስጥ እንደ መስታወት የጠነከረ ነጥብ አለ። ስነግራቸው ሳቁ። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን በዝግታ ሲሠሩ የኖሩት ለዚያ ነው፤ ከእርስዎ ብረት ጋር እንዲሆንላቸው። መቁረጫው ሲያልቅ ራሳቸው ይስሉታል። ፑሊው ሲሰበር ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ። ለምን አልነገሯቸውም ብላቸው፣ ጃራ ከዚህ ቤት ሌላ ቤት የለውም አሉኝ።»

ምንትዋብ የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ተረጎመችላቸው።

ሐሴት ቀጠለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው ብዬ ነገርኳቸው አለች። ብረቱ የሚጠነክረው ከአሸዋው ቶሎ ሲወጣ ነው፤ ቀልቶ ሳለ አየር ሲነካው። በአሸዋው ውስጥ እስከ ማግስቱ ቢተኛ ይለሰልሳል፣ እንደ ብርጭቆም አይሰበርም። ኦቦ ዋጋሪ ደስ አላቸው። ብረቱን ይዞ ሲመጣ ራሴ እነግረዋለሁ፣ እንደ ሌላ ሰው በር ላይ ሳይሆን ቤት አስገብቼ እነግረዋለሁ አሉ።

«መጥፎ ነው ካሉ በኋላ ይህን ነበር የሚነግሩዎት» አለች።

ኦቦ ጃራ ሁለት እጃቸውን አዩ። ኮማንደር አሳምነው ጉሮሮውን ጠርጎ ለሐሴት ክሱ እንደሚነሳላት፣ ለኮሌጁም እንደሚጽፍላት ነገራት። አመሰገነችው፤ የሰማችው ግን አትመስልም። ዓይኗ ሽማግሌው ላይ ነው። ለጥናቷ ይሁን ለሌላ ነገር፣ አንድ የቀራትን ጠየቀች።

«ለምን ነበር ቶሎ የሚያወጡት? እስኪቀዘቅዝ ለምን አይጠብቁም ነበር?»

ምንትዋብ ተረጎመችላቸው። ኦቦ ጃራ ቀና ብለው ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩዋት፤ እሷ እንድትሰማቸው ብለው መልሱን በተሰባበረ አማርኛ ሰጡ።

«እስኪቀዘቅዝ ከማን ጋር ልቀመጥ? ሚስቴ ሞታለች። ልጆቼ ሄደዋል። ብረቱን ይዤ ካልመጣሁ እዚህ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

ምንትዋብ ካቴናውን እንደያዘች ቆየች፤ ከዚያ ቀስ አድርጋ አሰረቻቸው። ሐሴት እዚያው በቆመችበት ማልቀስ ጀመረች። ለኦቦ ዋጋሪ ይሁን ለኦቦ ጃራ፣ ወይስ ለራሷ፣ እሷም አላወቀችውም።